ጎንደር ላይ ቤት ስሠራ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት አሸዋ፣ ስንት ብረት ልዘዝ?

የእናቴን ቤት አዘዞ ላይ ስንጀምር ፎርማኑ መጀመሪያ የነገረን ቁጥር «መቶ ኩንታል ሲሚንቶ» ነበር። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም። የሰነበተ ባለሙያ ነው፣ ያውቃል አልን። ግንቦት ላይ ብሩ በእጃችን ነበርና መቶውንም በአንድ ጊዜ ገዛን። በቆርቆሮ በሠራናት ጎጆ ውስጥ መሬት ላይ ደረደርነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከታች ያሉትን ከረጢቶች ስናነሳ ድንጋይ ሆነዋል። 28 ከረጢት፣ ማለትም 14 ኩንታል ሄደ። እናቴ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ከዚያ በኋላ በራሴ መለካት ተማርኩ። ዘመድ ወይም ጎረቤት ቤት ሲጀምር ደብተሬን ይዤ እሄዳለሁ። ከዚህ በታች የማደርገውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የምናገረው ስለ አንድ ፎቅ አልባ ተራ ቤት ነው። ፎቅ የምትሠሩ ከሆነ የብረቱንና የኮንክሪቱን ልክ መሐንዲስ ይስጣችሁ። የአቆጣጠሩ መንገድ ግን ያው ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ቤት ከግድግዳ መሐል እስከ ግድግዳ መሐል 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ውስጡ ሁለት ግድግዳዎች አሉት። አንዱ 6 ሜትር፣ ሌላው 4 ሜትር። ግድግዳው ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ነው።

1. ፕላኑን ወደ ርዝመት ቀይሩት

ማንኛውም ስሌት የሚጀምረው ከግድግዳ ርዝመት ነው። ሜትር፣ ደብተርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል።

የውጭው ዙሪያ 8፣ 8፣ 6 እና 6 ሲደመር 28 ሜትር ነው። የውስጡ 10 ሜትር። ድምሩ 38 ሜትር ይመስላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የውስጥ ግድግዳ ሌላ ግድግዳ ሲነካ ጫፉ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ የውስጥ ግድግዳ የአንድ ውፍረት ልክ ይቀነሳል። መሠረቱ 50 ሴንቲ ስፋት ካለው 6ቱ 5.5፣ 4ቱ 3.5 ይሆናል። የመሠረቱ ርዝመት 37 ሜትር ነው። ለብሎኬቱ ደግሞ የሚቀነሰው 20 ሴንቲ ብቻ ስለሆነ 37.6 ሜትር ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ክፍል በበዛ ቁጥር ግን ያድጋል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፏቸው። ደጋግመን እንመለስባቸዋለን።

2. መሠረቱ

ቁፋሮው ሳይታይ የመሠረት ድንጋይ አይታዘዝ። ጎንደር አንድ ዓይነት አፈር የላትም። ዳገቱ ላይ በአንድ ክንድ ድንጋይ የምታገኙበት ቦታ አለ። አዘዞ ሜዳው ላይ ግን ዋልካው፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ጥልቅ ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቃል። እዚያ ላይ ጥልቀቱን ወይም አፈሩ ተነሥቶ በሌላ መሞላቱን የሚወስነው መሐንዲሱ ነው። ፕላኑ ላይ 1 ሜትር የተባለው 1 ሜትር ከ60 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ይቆፈር። ከዚያ ጉድጓዱን ራሱን በሜትር ለኩት።

በምሳሌያችን የግንቡ ከፍታ ከመሬት በታችና በላይ ተደምሮ 1.2 ሜትር ነው እንበል። 37 በ0.5 በ1.2 ሲባዛ 22.2 ሜትር ኩብ ግንብ ይሰጣል።

ድንጋይ መኪና ላይ ሲጫን በመካከሉ ባዶ ቦታ አለው። ስለዚህ በ1.25 አባዙት። ወደ 28 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይመጣል። ከተማችን በጥቁር ድንጋይ የታወቀች ናት። የፋሲል ግቢ ግንቦች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዚሁ ድንጋይና በኖራ ቆመው አሉ። ለመሠረትም ጥቁሩንና ጠንካራውን ምረጡ። ሲመቱት ድምፁ የሚጮኽ ድንጋይ ጥሩ ነው።

ከግንቡ ውስጥ 35 በመቶ ያህሉ የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ ነው። 22.2 በ0.35 ሲባዛ 7.8 ሜትር ኩብ ድብልቅ ነው። አንድ ሲሚንቶ ለአራት አሸዋ ከተቦካ አንድ ሜትር ኩብ ድብልቅ 3.7 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶና አንድ ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ይበላል። ለመሠረቱ በድምሩ 29 ኩንታል ሲሚንቶና 8 ሜትር ኩብ አሸዋ ማለት ነው።

ይህ 35 በመቶ የሚለው ቁጥር በግንበኛው እጅ ላይ የተመሠረተ ነው። ጥሩ ግንበኛ በትልልቆቹ ድንጋዮች መካከል ትንንሽ ስባሪ እየጠቀጠቀ ይገነባል። የሚቸኩለው ክፍተቱን በድብልቅ ይሞላዋል። 35 በመቶው 45 ከደረሰ 29 የነበረው ሲሚንቶ 37 ኩንታል ይሆናል። በአንድ መሠረት ብቻ 8 ኩንታል። ግንቡ ሲጀመር የመጀመሪያውን ሁለት ቀን አጠገቡ ቁሙ። ስባሪውን ለማቀበል አንድ የቀን ሠራተኛ መመደብ ያዋጣል።

3. ኮንክሪቱ

ኮንክሪት የሚሞሉ ነገሮችን አንድ በአንድ ዘርዝሩ። ለምሳሌያችን እንዲህ ይመጣል፦

ግሬድ ቢም (ከመሠረቱ ግንብ ላይ የሚሞላው ማሰሪያ)፣ 37.6 በ0.2 በ0.3 = 2.3 ሜትር ኩብ
የወለል ኮንክሪት፣ 43.3 ካሬ በ10 ሴንቲ = 4.3 ሜትር ኩብ
8 ኮለን (ምሰሶ)፣ 20 በ20፣ ቁመት 2.8 = 0.9 ሜትር ኩብ
ቶፕ ታይ ቢም (ከግድግዳው አናት ላይ የሚሞላው ማሰሪያ)፣ 37.6 በ0.2 በ0.2 = 1.5 ሜትር ኩብ

ድምሩ 9 ሜትር ኩብ ነው። የወለሉ 43.3 ካሬ የግድግዳ ውፍረት ተቀንሶ የተገኘ የውስጥ ስፋት ነው።

አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር ሆኖ ሲቦካ አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 3.6 ኩንታል ገደማ ሲሚንቶ፣ ግማሽ ሜትር ኩብ አሸዋና 0.77 ሜትር ኩብ ጠጠር ይፈልጋል። ደረቁ ተደምሮ ከአንድ ሜትር ኩብ ቢበልጥ አይግረማችሁ። አሸዋው በጠጠሩ መካከል ይገባል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መካከል ይገባል፣ ውሃ ሲነካው ሁሉም ይሰበሰባል። ለ9 ሜትር ኩብ 32 ኩንታል ሲሚንቶ፣ 4.5 ሜትር ኩብ አሸዋ፣ 7 ሜትር ኩብ ጠጠር ይሆናል።

ይህ ስሌት እንዲሠራ አንድ ነገር ግድ ነው። በአካፋ ግምት ሳይሆን በሳጥን ይቦካ። የአንድ ሰው አካፋ ሙሉ ነው፣ የሌላው ግማሽ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሁሉም ይቀንሳል። 50 ኪሎ ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ውስጡ 40 በ35፣ ከፍታው 25 ሴንቲ የሆነ ሳጥን አናጺው ይሥራላችሁ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ በግማሽ ቀን ተሠርቶ ያልቃል፣ ዋጋውንም በሁለት ቀን ይመልሳል።

ወለሉ ላይ ተጠንቀቁ። የገንዘብ ጉድጓድ ያለው እዚያ ነው። ከኮንክሪቱ ሥር የሚደረደረው ድንጋይ ከመጀመሪያው እኩል ካልተደረገ ጎድጓዳውን የሚሞላው ኮንክሪት ነው። በአማካይ 3 ሴንቲ ቢወርድ 1.3 ሜትር ኩብ ይጨምራል። ወደ 5 ኩንታል ሲሚንቶ ማለት ነው። የወለሉ ሲሚንቶ ከመታዘዙ በፊት ከግድግዳ ግድግዳ ክር ወጥራችሁ ጥልቀቱን ዐሥር ቦታ ላይ ለኩ። አማካዩን ውሰዱ። የምታዙት በእሱ ነው።

ለወለሉ ሥር 25 ሴንቲ ድንጋይ ከተባለ 43.3 በ0.25 ወደ 11 ሜትር ኩብ ነው። የጭነቱ ልቅነት ሲጨመር 13 ያዙ።

4. ብረቱ

ብረት በኪሎ ይሸጣል፣ በቁርጥ ያልቃል። ብዙ ሰው የሚከስረው በሁለቱ መካከል ነው።

ክብደቱን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የብረቱን ቁጥር፣ ማለትም ውፍረቱን በሚሊ ሜትር፣ በራሱ አባዙና ለ162 አካፍሉ። የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል። ባለ 12 ብረት፣ 12 በ12 ሲካፈል ለ162፣ 0.888 ኪሎ ነው። አንድ ዘንግ 12 ሜትር ስለሆነ 10.66 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 8 ዘንግ 4.74፣ ባለ 10 ደግሞ 7.4 ኪሎ ነው። ሱቅ ስትሄዱ አንድ ዘንግ አስመዝኑ። ባለ 12 ተብሎ 9 ኪሎ ከመዘነ ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ብረት አግኝቼ መልሻለሁ። ባለ ሱቁም ቅሬታ ሳያነሳ ቀየረልኝ። የሚመዝን ደንበኛ ሲያይ ሻጭም ይጠነቀቃል።

አሁን ግሬድ ቢሙን እንቁጠር። አራት ባለ 12 ዘንግ በርዝመቱ ይሄዳል። 38 ሜትር በ4 ሲባዛ 152 ሜትር ነው። ለ12 ሲካፈል 13 ዘንግ። በወረቀት ላይ የሚመጣው ይህ ነው። በሥራ ቦታ ግን አይበቃም።

ለምን? በየጫፉ 30 ሴንቲ መታጠፊያ አለ። የ8 ሜትር ግድግዳ የሚፈልገው 8.6 ሜትር ነው። የ6ቱ 6.6፣ የ4ቱ 4.6። ከአንድ 12 ሜትር ዘንግ ሁለት 6.6 አይወጣም። ፌራዮው (ብረት ቆራጩና አሳሪው) ዝም ብሎ ከቆረጠ ለ8 ሜትሮቹ 8 ዘንግ፣ ለ6 ሜትሮቹ 12 ዘንግ ይወስዳል። የ4 ሜትሩ ከቁራጭ ይወጣል። ድምሩ 20 ዘንግ ነው፣ ግቢውም በቁራጭ ይሞላል።

ከመቁረጡ በፊት በወረቀት ካሰባችሁ እንዲህ ይሆናል። ከ8 ዘንጎች 8.6 ሲወጣ የሚቀረው 3.4 ነው። ከ6 ዘንጎች 6.6 ሲወጣ የሚቀረው 5.4 ነው። 5.4ቱ ላይ ከ3.4ቱ የተቆረጠ 1.8 ሜትር ቢጨመርና በ60 ሴንቲ ቢደራረብ ሌላ 6.6 ይሆናል። 60 ሴንቲ የብረቱ ውፍረት 50 እጥፍ ነው። ስለዚህ 12ቱ የ6 ሜትር ብረቶች ከ6 ዘንግ ብቻ ወጡ። ለ4 ሜትሩ ግድግዳ 2 ዘንግ ይበቃል። በድምሩ 16 ዘንግ፣ 171 ኪሎ ነው። መደራረቢያው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እንዳይሰበሰብ አበታትኑት። የት መሆን እንዳለበትም መሐንዲሱን ጠይቁ።

13፣ 16፣ 20። ቤቱ አንድ ነው። 13 ያዘዘ ሰው ሥራ አቁሞ ለሦስት ዘንግ መኪና ይከራያል። 20 ያዘዘው ደግሞ የአራት ዘንግ ዋጋ ቁራጭ አድርጎ ያስቀምጣል። እኔ ብረት ከመታዘዙ በፊት ሁልጊዜ ፌራዮውን ሻይ ጋብዤ ይህን የቁርጥ ዝርዝር አብረን እንሠራለን። እሱ ከእኔ የተሻለ መንገድ ያገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስታፋው፣ ረጃጅሞቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያቅፈው ቀለበት፣ ቀላል ነው። ቢሙ 20 በ30 ከሆነ ዙሪያው ሽፋን ተቀንሶ 80 ሴንቲ፣ ከመንጠቆው ጋር 95 ሴንቲ ይሆናል። ከአንድ ባለ 8 ዘንግ 12 ስታፋ ይወጣል። በየ20 ሴንቲ ከታሰረ 190፣ በየግድግዳው ጫፍ አንድ ሲጨመር 196 ስታፋ ነው። 17 ዘንግ። የማሰሪያ ሽቦ በኩንታል ብረት አንድ ኪሎ ገደማ ያዙ። ኮለኑንና ቶፕ ታዩን በዚሁ መንገድ ቁጠሩ።

5. ብሎኬቱ

37.6 ሜትር በ2.8 ሜትር ቁመት 105 ካሬ ነው። ሦስት በርና አራት መስኮት ወደ 11.4 ካሬ፣ ኮለኖቹ 4.5 ካሬ ይቀነሳሉ። የሚቀረው 89.4 ካሬ ነው።

ባለ 40 በ20 ብሎኬት ያለ ድብልቅ ሲደረደር በካሬ 12.5 ይገባል። ድብልቁ ሲጨመር ከ12 ያንሳል። እኔ ለስብራትና ለቁራጭ ብዬ በ13 አባዛለሁ። 1,160 ብሎኬት ይመጣል። ለመገንቢያው 7 ኩንታል ሲሚንቶና 2 ሜትር ኩብ አሸዋ ያስፈልጋል።

ሲራገፍ እዚያው ቁጠሩ። የተሰበረውን ለብቻ አስቀምጡና ሹፌሩ ሳይሄድ ተነጋገሩ። ብሎኬት ከመግዛታችሁ በፊት ማዕዘኑን በጥፍር ፋቁት። እንደ አፈር ከተፋቀ ውሃ ሳይጠጣ፣ ሳይሰነብት የመጣ ነውና በካሬ ከ13 በላይ ይሄዳል።

6. ልስኑ

ልስን የሚለካው በሁለት ወገን ነው። የበርና የመስኮቱ ቦታ ቢቀነስም ጎንና ጎኑ ይለሰናል። ኮለኑም ይለሰናል። ለምሳሌያችን 200 ካሬ ብንይዝ አይርቅም። 2 ሴንቲ ውፍረት፣ አንድ ለሦስት ድብልቅ፣ በካሬ ከ9 እስከ 10 ኪሎ ሲሚንቶ ይወስዳል። 19 ኩንታል ሲሚንቶና 4 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው።

ግን ልስን ከመታዘዙ በፊት ግድግዳው ቀጥ ማለቱን ለማየት ቱንቢ ጣሉ። ግድግዳው ከላይ ወደ ውጭ 2 ሴንቲ ካዘነበለ ልሳኙ የሚያስተካክለው በሲሚንቶ ነው። አማካይ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ከሆነ 19ኙ 28 ኩንታል ይደርሳል። ስለዚህ የልስን ሲሚንቶ ትዕዛዝ በእውነቱ የሚወሰነው ብሎኬቱ በሚገነባበት ሰሞን ነው። ግንበኛው በየሦስት ረድፉ ውሃ ልክና ቱንቢ እንዲያስቀምጥ ከውል ላይ ጻፉበት። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ለእናቴ «እትዬ፣ እርስዎ ቱንቢውን ያዩልኝ፤ እኔ ደግሞ ሲሚንቶውን አተርፍልዎታለሁ» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ቱንቢ ማየት ለመደች። ከእኔ በላይ ታያለች።

7. ድምሩ

ሲሚንቶ፦ መሠረት 29፣ ኮንክሪት 32፣ ብሎኬት 7፣ ልስን 19። 87 ኩንታል ነው። 5 በመቶ ሲጨመር 91።

ፎርማኑ መቶ ያለው ከእውነቱ ብዙ አልራቀም ነበር። የእናቴ ቤት ከዚህ ትንሽ ስለሚሰፋ እንዲያውም ልክ ነበር ማለት ይቻላል። 14ቱን ኩንታል ያጣነው ድምሩን እንደ ትዕዛዝ ስለወሰድነው ነው። ቤቱ በአጠቃላይ የሚፈጀው አንድ ነገር ነው፣ በዚህ ሳምንት የሚገዛው ሌላ።

ብክነትን ለሁሉም 10 በመቶ ብሎ መደምደም አልወድም። ለሲሚንቶ 5 እጨምራለሁ፣ በከረጢት ስለሚጠበቅ። ለአሸዋ ከ10 እስከ 15፣ መሬት ላይ ስለሚፈስ፣ ዝናብ ስለሚወስደው፣ በወንፊት ስለሚጣል። ለጠጠር 7። ለሴራሚክ 10፣ ክፍሉ ማዕዘኑን ያልጠበቀ ከሆነ ከዚያም በላይ። ለብረት በመቶኛ አልጨምርም። የቁርጥ ዝርዝሩ ራሱ መልሱ ነው።

8. በደረጃ እዘዙ

መጀመሪያ የድንጋዩ መኪኖች ይምጡ። ከዚያ 15 ኩንታል ሲሚንቶ፣ እሱ ሊያልቅ ሲል ሌላ 15። ለኮንክሪት ሥራ የሚያስፈልገውን ግን በከፊል አትግዙ። ቢም ተጀምሮ በመሐል ሲሚንቶ ካለቀ መጋጠሚያው ደካማ ይሆናል። ለአንድ ቀን ሙሊት የሚበቃው ሁሉ በዋዜማው ግቢ ውስጥ ይደር።

አሸዋውን እንዲህ እከፍለዋለሁ። የመሠረት፣ የኮንክሪትና የብሎኬት 14.5 ሜትር ኩብ ነው። ብክነት ሲጨመር 16፣ አንድ ሲኖ (ትልቁ ገልባጭ መኪና) ልክ። የልስኑ 4.5 ሜትር ኩብ ደግሞ ደቃቅና ንጹሕ መሆን አለበትና ልስኑ ሲደርስ በአይሱዙ ለብቻው ይምጣ። አሸዋውን በጠርሙስ ፈትኑት። ግማሽ አሸዋ፣ ቀሪው ውሃ፣ ጨው ጣል አድርጋችሁ በኃይል ናጡትና ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ጭቃ ከአሸዋው 6 በመቶ ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ሲሚንቶ ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በጣውላ ላይ፣ ከ10 ከረጢት ሳይበልጥ ይደርደር። መጀመሪያ የገባው መጀመሪያ ይውጣ። በደህና ቢቀመጥ እንኳ ከሦስት ወር በኋላ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ እኔ ከሁለት ሳምንት ፍጆታ በላይ አላስቀምጥም።

ቀን መቁጠሪያውንም አብራችሁ ተመልከቱ። በክረምት ከአዘዞ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ያሉ ሰፈሮች ጭቃ ሲሆኑ ሲኖ አይገባም። ድንጋይና ጠጠር ከግንቦት በፊት ይግባ። እነሱን ዝናብ አያበላሻቸውም። ለጥምቀት፣ ጥር 10፣ 11 እና 12 ላይ ከተማው በእንግዳና በታቦት ሸኚ ሲሞላ ጭነት ማንቀሳቀስ ከባድ ነው። ለእነዚያ ቀናት የሚሆነውን ከገና ቀጥሎ ባለው ሳምንት አስገቡ። ከአዲስ አበባ በኩል የሚመጣው ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። መንገድ ሲስተጓጎል ዋጋው በሳምንት ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ብረቱን ሙሉውን አስቀድሞ መግዛት ይሻላል እላለሁ። ከሲሚንቶ ጋር ሲነጻጸር መሰንበት ይችላል። ከመሬት ከፍ ብሎ ሸራ ይልበስ እንጂ።

9. መኪናው ሲመጣ

እኛ ጎንደሮች ድንጋይና አሸዋ በቢያጆ እንገዛለን። ቢያጆ፣ ስታፋ፣ ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ካሪዮላ፣ እነዚህ ሁሉ ጣልያን ትቷቸው የሄደ የሥራ ቃላት ናቸው። ጦሩ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ እዚህ ጎንደር ላይ ቆይቶ ነበር፣ ፒያሳም ስሙን ይዞ ቀረ። ቢያጆ ግን ጉዞ ማለት ነው። ልኬት አይደለም።

ሲኖ 16 ሜትር ኩብ ይይዛል ይባላል። ሜትር አውጡና የመኪናውን ሳጥን ርዝመት፣ ስፋትና የጭነቱን ከፍታ ለኩ። ጭነቱ መሐሉ ጎድጎድ ያለ ከሆነ ከፍታውን አራት ቦታ ላይ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። በእናቴ ቤት የመጣ አንድ ጭነት ሲለካ 13 ሆነ። የእኛ ድንጋይ ለመሠረቱና ለወለሉ 41 ሜትር ኩብ ነው። ሦስት መኪና ሙሉ ከሆነ 48፣ ይተርፋል። ሦስቱም 13 ከያዙ 39፣ ይጎድላል። ስለዚህ ስትስማሙ «ሦስት ቢያጆ» አትበሉ። «41 ሜትር ኩብ፣ በቦታው ተለክቶ» በሉና በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ሹፌሩንም አስቀድማችሁ ንገሩት። ልኬት እንዳለ ያወቀ ሰው አሟልቶ ይጭናል፣ ጸብም አይኖርም።

አሸዋ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ትንሽ ሲርስ ከደረቁ እስከ 25 በመቶ የሚበልጥ ቦታ ሊይዝ ይችላል። ክረምት ላይ የመጣ 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ሲደርቅ 13 ሊሆን ይችላል። ሻጩ አላታለላችሁም። እርጥብ ከሆነ ዋጋ ስትነጋገሩ ይህን አስቡ፣ በሳጥን ስትለኩም ለአሸዋው ትንሽ ጨምሩ።

10. ውሃና ጣራ

ውሃ በትዕዛዝ ዝርዝር ውስጥ የሚጽፍ ሰው አላየሁም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን ከሲሚንቶ እኩል መታሰብ አለበት። ለአንድ ኩንታል ሲሚንቶ 50 ሊትር ለማቡኪያ ያዙ። ለ87 ኩንታል 4,350 ሊትር ነው። ኮንክሪት ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ስለሚጠጣ፣ ብሎኬትም ከመገንባቱ በፊት ስለሚረጠብ ከዚያ ሁለት ሦስት እጥፍ ይሄዳል። ከሙሊት ቀን በፊት አንድ ትልቅ ሮቶ ሞልቶ ይደር።

የጣራውን ቆርቆሮና እንጨት በፕላን አትዘዙ። ቶፕ ታይ ቢሙ ተሞልቶ ሲያልቅ በቦታው ይለካ። ተዳፋቱ ርዝመት እንደሚጨምር አትርሱ። አግድም 3.6 ሜትር የሆነ ጣራ 1.2 ሜትር ከፍ ካለ ቆርቆሮው 3.8 ሜትር መሆን አለበት። ቆርቆሮው ሲደራረብ የሚቀረውን ስፋት ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሁለቱን አጋጥማችሁ ለኩት።

11. ደብተሩ አይዘጋም

እያንዳንዱ ደረጃ ሲያልቅ ያሰባችሁትንና ያለቀውን ጎን ለጎን ጻፉ። ቀጣዩ ትዕዛዝ ከመውጣቱ በፊት ልዩነቱን ፈልጉ።

ማራኪ ሰፈር የአክስቴን ቤት ስንሠራ መሠረቱ ከዚህ ምሳሌ ጋር የተቀራረበ ነበር። 29 ኩንታል አልን፣ 32 አለቀ። ሌባ ነው፣ ብክነት ነው ተባለ። ጉድጓዱን በሜትር ስለካው ስፋቱ 50 ሳይሆን 55 ሴንቲ ሆኖ ተቆፍሯል። 5 ሴንቲ በ37 ሜትር በ1.2 ሲባዛ 2.2 ሜትር ኩብ ግንብ ነው። ሦስቱ ኩንታል የገባው እዚያ ነው። ለቀሪው ሥራ ምንም አልጨመርንም፣ ማንንም አልከሰስንም። ልስኑ ሲያልቅ ሦስት ከረጢት ተርፎ ነበር። ለመግቢያው ደረጃ ዋለ።